ቅጽ አሥራ ሰባት

ሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው የሆነው። ሰዓቱን የማውቀው የጥናታችን መሪ ፕሮፌሰር ዊራትሞ የሞላኋቸውን የሽማግሌዎች የማስታወስ መጠይቅ ቅጾች ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ፊቱን ላለማየት የግድግዳውን ሰዓት ስላየሁ ነው።

በዚህ ደብተር ውስጥ አንቱ አልለውም። ፊት ለፊት ስድስት ዓመት «አንቱ»፣ «ፓክ»፣ ጌታዬ፣ ብዬዋለሁ፤ ይበቃዋል።

ሠላሳ አንድ ቅጽ። በእያንዳንዱ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። አልጮኸም። እሱ አይጮህም። እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ፈገግ ብሎ፣ «ንጌስቲ ልጄ፣ ይህ የማን የእጅ ጽሑፍ ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው፣ ፓክ።»

«ነጥቡን የጨመርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ፓክ። የገበያውን ቀን በትክክል ለተናገሩ ሽማግሌዎች ነው። አምና ሐሳቡን ጽፌ አቅርቤልዎ ነበር።»

«ምን ሐሳብ?»

አሥራ ሁለት ሰው ነበርን። አብራኝ የምትሠራው ዳንቲ ጥፍሯን ታይ ነበር።

ጽሑፌን ተቀብሎኝ ነበር። እፊቴ አነበበው፣ ፈገግ አለ፣ ብርጭቆዬን በገዛ እጁ ሻይ ሞላልኝ። ፈቀደ ብዬ ሄድኩ። ጃቫ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ፈገግታን እንደ ፊርማ ቆጠርኩ!

«እስኪጣራ ድረስ እረፍት ውሰጂ» አለኝ። እረፍት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 6

መታወቂያ ካርዴ የመዝገብ ክፍሉን በር አልከፍት አለ። ጥበቃው አዘነልኝና «ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል እህቴ» አለኝ። ማሽኑ ለዳንቲ ወዲያው ከፈተላት።

ዝናብ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 8

ኩሎን ፕሮጎ ነኝ፣ እናቴ ቤት። ከምሠራባት ከተማ ከጆግጃ በሞተር ሳይክል አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሙሉውን መንገድ በዝናብ። ፈቃድ ወጥቻለሁ አልኳት።

«ጥሩ ነው ንዱክ» አለች። እኔን ሴት ልጇን እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «በልተሻል?»

የኮኮነት ስኳሩን በደረቅ የሙዝ ቅጠል እየጠቀለለች ነበር፤ ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥማ፣ በሣር ክር አስራ። አርባ ዓመት የሠራችው ሥራ ነው። እጇን ሳያት ልቤ ረጋ አለ። ከዚያ እንደገና «በልተሻል?» አለችኝ። የአኩሪ አተር ቴምፔውን ጠብሳ ስታቀርብም «በልተሻል?» አለች። እናት ሁሉ ትጠይቃለች።

ወንድሜ ፕራይት ከጓዳው ጀርባ ጠራኝ። ከእሷ ጋር የሚኖረው እሱ ነው።

«እሑድ ዕለት ወደ ለጊ ገበያ ሄደች» አለኝ። የገበያ ሳምንታችን አምስት ቀን ነው፤ ትልቁ ገበያ የሚቆመው በለጊ ቀን ነው።

«ታዲያ?»

«እሑድ ፖን ነበራ! ለጊ ሦስት ቀን ይቀረው ነበር። ባዶ ሜዳ ላይ ስኳሯን ዘርግታ እስከ ቀትር ተቀመጠች። የጎረቤታችን የባኮን ሚስት ናት ይዛት የመጣችው።»

«ዝናብ ስለነበረ ሰው ሳይወጣ ቀርቶ ይሆናል።»

«ንጌስ፣ ሜዳው ላይ የነበሩት ሁለት ፍየሎች ናቸው።»

«ስለደከማት ነው። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ማስ» አልኩት፤ ታላቅ ወንድሜን እንዲህ ነው የምጠራው።

«ሐኪሟ አንቺ ነሽ።»

«ሐኪም አይደለሁም። ተመራማሪ ነኝ።»

«እንግዲያው ተመራመሪያ!»

አፉ ሁልጊዜም ስለታም ነው። ከእሱ ጋር ለመጣላት ጉልበት አልነበረኝም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 11

ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አቤቱታ እየጻፍኩ ነው። ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ቁጣዬ ከፊደሎቹ መሃል ይታያል። እዚህ ላይ ቁጣዬን ልጨርስና እዚያ በጨዋ ቋንቋ እጽፋለሁ።

ጉዳዩ ይህ ነው። የመርሳት በሽታን የምናጣራበት መጠይቅ የመጣው ከውጭ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ይላል። የኩሎን ፕሮጎን ሽማግሌ ኖቬምበር ስንት እንደሆነ መጠየቅ ትርፉ ምንድን ነው? ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ቢኖርም ሥዕሉን ብሎ የሰቀለው ነው። ይልቅ ዛሬ ለጊ፣ ወይ ፓሂንግ፣ ወይ ፖን፣ ወይ ዋጌ፣ ወይ ክሊዎን መሆኑን ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሰው ይነግርሃል። የተወለደው በእነዚህ አምስት ቀኖች ነው፤ ልጁን የዳረው ቀኑን በእነሱ ቆጥሮ ነው፤ ገበያው በእነሱ ከመንደር ወደ መንደር ይዞራል።

ምባህ ካርሶ የሚባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ቀኑን ስጠይቃቸው «ዋጌ ነው» አሉኝ። «እሱን ሳይሆን ቀኑን» ስላቸው ለጎረቤታቸው ዞረው፣ «ይቺ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዋጌን ረስታ መጣች» አሉ። የግድግዳ ሰዓት ይሳሉልኝ ስላቸውም «ቤቴ ሰዓት የለም። አውራ ዶሮ ልሳልልሽ?» ብለው ሳሉልኝ። የሚያምር አውራ ዶሮ ነበር፣ ከነኩኩልታው። በመጠይቁ መሠረት ግን ምባህ ካርሶ የመርሳት በሽተኛ ናቸው።

እኔ ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው፤ ዕለቱን በገበያው ቀን በትክክል ለነገረኝ ሰው ነጥቡን ሰጠሁት። ደብቄ አልሰጠሁም። በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ከጎኑ ምክንያቱን ጽፌ ነው።

ደግሞም ዋናው ነገር ይህ አይደለም። ሁለት ዓመት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሽማግሌዎችን ስጠይቅ ያየሁት ይህን ነው። የልጅ ልጆቹን ስም የሚያምታታ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ የሚፈልግ፣ ቀኑን ግን የማይስት ሰው ገና አለ። በተለይ ነጋዴዋ ሴት። አርባ ዓመት ገበያ ለገበያ የዞረች ሴት የገበያዋን ቀን ከሳተች ግን፣ ያኔ በእርግጥ ውስጧ የተሰበረ ነገር አለ።

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። አቤቱታው ውስጥ እንዳለ መግባት አለበት።

ከዚያ ተነስቼ የታጠበውን ሳህን ሁሉ እንደገና አጠብኩ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 14

አስገባሁት። ጸሐፊዋ ማኅተም መታችበትና «አይ ልጄ» አለች።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 22

ዳንቲ ቤቴ መጣች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በረንዳው ላይ ቆማ ስልኳን ሰጠችኝ።

ፎቶ ነው። ጃካርታ፣ የነርቭ ሐኪሞች ስብሰባ። ዊራትሞ መድረክ ላይ ቆሟል። ከኋላው በትልቁ «የገበያ ቀን ጥያቄ፤ ለጃቫ ሽማግሌዎች የተበጀ አዲስ መለኪያ» ይላል። ከሥሩ የእሱ ስም አለ። ብቻውን።

«አጨበጨቡለት» አለች ዳንቲ። «ቆመው።»

በማጭበርበር የከሰሰኝ በዚሁ ጥያቄ ነው። በአንድ እጁ እኔን ከበሩ አስወጣኝ፣ በሌላው እጁ ሥራዬን ይዞ አውሮፕላን ተሳፈረ።

«ለምን ዝም አልሽ ያን ቀን?» አልኳት።

«ሁለት ልጅ አለኝ ንጌስ።»

«ጥፍርሽን ስታዪ ነበር።»

«የት ልይ ታዲያ? አንቺስ ግድግዳ አልነበር የምታዪው?»

ልክ ናት። ሻይ አፈላሁላት።

ልትሄድ ስትል ሁለተኛውን ፎቶ አሳየችኝ። ሆስፒታል ወስደን የአንጎል ምስል ያስነሳናቸው አርባ ሰዎች በነጥብ ተቀምጠዋል። የገበያውን ቀን የሳቱት ሰዎች አንጎል ውስጥ የማስታወሻው ስፍራ ሟሽሿል። ቀኑን በመለሱት ሰዎች ላይ ደህና ነው። እኔ ይሆናል ያልኩት ነው የሆነው።

«አንዷ ብቻ ከመስመር ወጥታለች» አለች ዳንቲ በጣቷ እያሳየች። «ቀኑን መልሳለች ተብሎ ተመዝግቧል፣ ምስሏ ግን እዚህ ነው፣ ከታመሙት ጋር። ከጤነኞቹ ማነጻጸሪያ ቡድን ናት። ቁጥር አሥራ ሰባት። ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?»

«ስማቸውን በቁጥር አላስታውስም» አልኳት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 23

የአሥራ ሰባት ምስል ከኦገስት ጀምሮ ኮምፒውተሬ ላይ አለ። አልከፈትኩትም። የጤነኞቹን ምስል ማንበብ የእኔ ድርሻ አልነበረም።

የማሽን ስህተት ያጋጥማል። ሰው ሲነቃነቅ ምስሉ ይበላሻል። በደንብ ይታወቃል ይሄ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 2

ዛሬ ለጊ ነው፣ ትልቁ ገበያ። እናቴን በሞተር ሳይክል ይዣት ሄድኩ። ፕራይት «አይተሽ እመኚ» ስላለኝ አይደለም። እንዲሁ አብሬያት መሆን ስለፈለግኩ ነው።

ዘንቢሉን አወረደች፣ ቅጠሉን ዘረጋች፣ ስኳሩን ደረደረች። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሳቅ፣ ክርክር። ምን ሆነች? ምንም አልሆነችም! ሙሉ ሰው ናት።

አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ታርሚ ጮክ ብላ፣ «ሳኪየም፣ ባለፈው ለጊ ቀረሽ፣ ከዚያ በፊትም ባለው ቀረሽ! አዲስ ባል አገኘሽ እንዴ?» አለቻት።

መደዳው በሙሉ ሳቀ።

«ባሉስ ይቅርብኝ» አለች እናቴ። «እንቅልፍ ነው የያዘኝ።»

«ለጊ ቀን ቤትሽ ተኝተሽ? አንቺ? በወለድሽ በሳምንቱ እዚህ አልነበርሽ እንዴ!»

እናቴ ፈገግ አለች። ታርሚ ሳቋን አቆመችና እኔን አየችኝ። ምን እንዳየች አላውቅም፤ ሽንኩርቷን መደርደር ጀመረች።

ስንመለስ እናቴ ከኋላዬ ወገቤን ይዛለች። የባምቡው ድልድይ ጋ ስንደርስ በጆሮዬ፣ «ወዴት ነው የምትወስጂኝ?» አለችኝ።

አርባ ዓመት በእግሯ የተመላለሰችበት መንገድ ነው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች።

የሳቀችው ግን ከእኔ በኋላ ነው። እኔ ስስቅ ሰምታ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 12

ዊራትሞ ቢሮው ጠራኝ። ሻይ ቀዳልኝ። አልነካሁትም።

«አቤቱታሽን አንስተሽ ይቅርታ ብትጠይቂ፣ በጽሑፉ ላይ ስምሽ ሦስተኛ ሆኖ ይገባል» አለ።

«ሥራው የእኔ ነው፣ ፓክ።»

«አይደለም አላልኩም። ወጣት ነሽ። ሌላ ሥራ ትሠሪያለሽ።» ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አወጣ። ቢጫ ወረቀቱ አሁንም አለ። «ይህን ግን ኮሚቴው ቢያየው ደስ አይለኝም። ለአንቺ ብዬ።»

ቅጽ አሥራ ሰባት።

«ጁላይ 10፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በተጠያቂዋ ቤት» ብሎ አነበበ። «መልስ፣ ‹ክሊዎን›። አንቺ ነጥብ ሰጥተሻል። ቀኑን አስጣራሁት ልጄ። ጁላይ 10 ለጊ ነበር።»

ሻዩን ከፊቴ ገፋሁት።

«የመንደር ልጅ አይደለሁም፣ አንድ ነገር ግን ገረመኝ» አለ። ድምፁ የእውነት ለስላሳ ነበር፤ የጠላሁትም እሱን ነው። «የስኳር ነጋዴ ናት አይደል እናትሽ? ታዲያ በለጊ ቀን፣ በአራት ሰዓት፣ ቤቷ ምን ትሠራ ነበር?»

ተነስቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሆኖ «ሁላችንም እናት አለን» ሲለኝ ሰምቻለሁ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 13

ተሳስቼ ነው። ሠላሳ አንዱን ስሠራ ቸኩዬ ነበር። በደረቱ የቀን መቁጠሪያ ይዞ የሚዞር ማነው?

ዓርብ፣ ዲሴምበር 14

ቸኩዬ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 18

አልበላሁም። ስልክ አላነሳሁም። ፕራይት ስድስት ጊዜ ደወለ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 20

ዛሬ ጠዋት ከፈትኩት።

ሌላ ሰው ቢሆን በሦስት ሰከንድ እለየው ነበር። በሁለቱም ጎን፣ ትዝታ የሚያድርበት ያ ጠባብ ስፍራ፣ ግራጫ መሆን በነበረበት ቦታ ጥቁር ነው። ባዶ። ሦስት ጊዜ ለካሁት።

አልተነቃነቀችም። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። እዚያ ማሽን ውስጥ ስትገባ «ሞተሽ እንደተቀበርሽ ሆነሽ ተኚ» ብያት ነበር፤ «ይሄማ ቀላል ነው» ብላኝ ተኛች።

እንግዲህ ጁላይን ልጻፈው። ካልጻፍኩት እንደገና እዋሻለሁ።

በሞተር ሳይክሌ ስደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ያኔ ነው ማወቅ የነበረብኝ፤ ያኔም አውቄያለሁ። በመንገዴ ላይ የለጊ ገበያተኞችን አልፌ ነው የመጣሁት፤ የሽንኩርት ጭነት መንገድ ዘግቶብኝ ነበር። «ምቦክ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አልኳት። ክሊዎን ድሮም የእረፍቷ ቀን ነው። «ክሊዎን ነዋ» አለች። «እረፍቴ ነው።» ተረጋግታ። ደስ ብሏት። እኔም ብዕሬን አንስቼ «ክሊዎን» ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑም ነጥቡን ሰጠሁ፣ እጄም አልተንቀጠቀጠም።

ለምን? ዊራትሞ ለዝና ዋሸ። እኔስ? እናቴ ደህና ናት የሚል ወረቀት እንዲኖረኝ።

ከጁላይ እስከ ዛሬ አምስት ወር ከአሥር ቀን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስኳሯን ተሸክማ ወደ ባዶ ሜዳ ብቻዋን ስትሄድ፣ እኔ የሰው ሁሉ እናት አንጎል ሳነብ ነበር።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 3

ጠፋች። ፕራይት ደወለ። ከአዛን በፊት ዘንቢሏን ይዛ ወጥታለች። ዛሬ ፖን ነው። በፖን ገበያ የላትም። እየሄድኩ ነው

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 4

ተገኘች።

ጎርፉ ድልድዩን ዘግቶ ስለነበር ዞሬ ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ፕራይት በወንዙ በኩል፣ ጎረቤቶች በመንገዱ በኩል፣ እኔ ወደ ለጊ ሜዳ። ለምን እዚያ እንደሄድኩ ማንም አልጠየቀኝም።

ከተዘጋው ሱቅ ክፈፍ ሥር ተቀምጣለች። ሜዳው ባሕር ሆኗል። ስኳሩን በፊቷ ደርድራዋለች፤ ዝናቡ መትቶት ቀልጦ፣ ቡናማ ውሃ ሆኖ በቀሚሷ ጠርዝና በባዶ እግሮቿ ላይ ይወርዳል። ጉንዳን ሰፍሮባታል። አላራገፈችውም።

ቀና ብላ አየችኝ። አወቀችኝ።

«ዛሬ ገበያው ቀዘቀዘ ንዱክ» አለች።

እኔ ምን አልኩ? «ቀዘቀዘ ምቦክ» አልኩ። ጉንዳኑን ከእግሯ አራገፍኩ። የዝናብ ካፖርቴን አለበስኳት። ጥርሷ እየተፋጨ፣ ሞተር ሳይክሉ ላይ ስትወጣ፣ «በልተሻል?» አለችኝ።

ፕራይት በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። አልሰደበኝም። ያን ያህል ፈርቶ ነበር።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 13

ኮሚቴው ረቡዕ ይሰማል። ዊራትሞ መልእክተኛ ልኮብኝ ነበር፤ «ሦስተኛ ስም፣ ያለ ንግግር።» ዝም ካልኩ ቅጽ አሥራ ሰባት መሳቢያው ውስጥ ይቀራል። ብናገር በገዛ አፌ አጭበርባሪ ነኝ ብዬ ልጀምር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሠላሳዎቹን ማን ያምነኛል? እናቴም በኮሚቴው ፊት «ፒኩን» ትባላለች። እኛ ዘንድ የጃጀ ሰው ስም ነው፤ ልጆች ከመንገድ ላይ የሚጮሁት።

ስለዚህ እሷን መጠየቅ ነበረብኝ። ማለዳ ላይ ትሻላለች። ከእሳቱ ጎን ተቀምጣ የኮኮነቱን ጭማቂ ለስኳር ስታማስል ነገርኳት፤ ስለ ጁላይ፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ ምስሉ። ሁሉንም።

ማማሰሏን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ያን ቀን መሳሳቴን። ስመልስልሽ ፊትሽ ጠቆረ። ከዚያ ፈገግ ብለሽ ጻፍሽ። ልክ አይደለሁም ማለት ነው አልኩ። ለጊ ይሁን ምን ይሁን ግን ልይዘው ብል አልመጣ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያን ያህል ደስ ብሎሽ ስትጽፊ?» ማማሰያውን አነሳች፣ ከጫፉ የሚወርደውን የስኳር ክር አየች። «ላሳፍርሽ?»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

«ታዲያ ፈተናውን ወደቅሁ?» አለችኝ።

«የወደቅሁት እኔ ነኝ፣ ምቦክ።»

«እንግዲያው ሄደሽ ንገሪያቸው። ስሜንም ንገሪያቸው። ቁጥር ነው ያልሽኝ፣ ስንት ነበር?»

«አሥራ ሰባት።»

«ሳኪየም በያቸው።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 16

አምስት የኮሚቴ አባላት። ሰብሳቢዋ ከሶሎ የመጡ አሮጊት ሐኪም ናቸው፤ መነጽራቸው በገመድ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ዊራትሞ ከጎኔ። ዳንቲ ከኋላ፤ ማንም ሳይጠራት መጥታለች።

«ከቅጽ አሥራ ሰባት እጀምራለሁ» አልኩ። «ተጠያቂዋ ሳኪየም ትባላለች። እናቴ ናት። በተጠየቀችበት ቀን የገበያውን ቀን ስታለች። እኔ እንደመለሰች አድርጌ መዘገብኩ። ዋሽቻለሁ። ታማለች።»

ዊራትሞ ራሱን ወደ እኔ አዞረ። ሊያስፈራራኝ የያዘው ካርታ ከእጁ ወጣ። ፈገግታው አሁንም ፊቱ ላይ ነበር፤ ማንሳት የረሳው ይመስል።

ከዚያ ሠላሳዎቹን አንድ በአንድ፣ ከነቀናቸው። ለዊራትሞ ጽፌ የሰጠሁትን ሐሳብ ቅጂ አቀረብኩ። የአሥራ ሰባት መልስ ሲታረም ከመስመር የወጣችው ነጥብ ወደ ቦታዋ እንደምትገባ በሥዕሉ ላይ አሳየሁ። የሥራዬ ትክክለኛነት የተረጋገጠው በእናቴ ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ተሰበረ፤ ቆሜ ጠበቅኩት፤ ተመለሰ።

ዊራትሞ ተነሳ። ሐሳቡ ለብዙ ዓመታት ከሽማግሌዎች ጋር ከነበረው ቅርበት የመነጨ ነው አለ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አደረጉ።

«መልካም፣ ፕሮፌሰር። ለመሆኑ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ረቡዕ።»

«እሱን ሳይሆን።»

ሰዓቱን አየ። ስልኩን ለማውጣት ኪሱን ነካ፤ ተወው። ከኋላ ዳንቲ ድምፅ አወጣች፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልለየሁትም።

«ለጊ ነው» አሉ ሰብሳቢዋ። «እናቴ ዶሮ ትሸጥ ነበር።»

ዓርብ ፖን፣ ጃንዋሪ 18

ውሳኔው መጣ። ሠላሳው ቅጽ ትክክል ነው ተብሏል። በቅጽ አሥራ ሰባት ምክንያት አንድ ዓመት ታማሚ አጠገብ አልደርስም። ለዊራትሞ «ምክር ተሰጥቶታል»። የስሜ ጉዳይ «ወደፊት ይታሰብበታል»።

አንድ ዓመቱን እቀበላለሁ። የሠራሁት ነው። ሞተር ሳይክሌን፣ ኮምፒውተሬንና ልብሴን ይዤ ወደ ኩሎን ፕሮጎ ገብቻለሁ። ነገ ዋጌ ነው፣ ከነገ ወዲያ ክሊዎን፣ ቀጥሎ ለጊ። በየማለዳው እኔ እነግራታለሁ፣ ወደ ትክክለኛው ገበያ አብረን እንሄዳለን፣ መሸከም እስከቻለች ድረስ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ምስሉን አይቼዋለሁ። የሚመለስ ነገር የለም።

የማልቀበለውን ግን ልጻፍ፣ ማታ ማታ ልቤ ሲደክም ተመልሼ እንዳነበው።

«ይታሰብበታል» የሚለውን አልቀበልም። በየወሩ እጽፋለሁ፤ ማኅተም የምትመታዋ ሴት እስኪሰለቻት፣ ጥያቄው በፈጠረችው ሰው ስም እስኪጠራ ድረስ። ከእንግዲህ የማንም ፈገግታ ለእኔ መልስ አይሆነኝም፤ ሻዩን ጠጥቼ ፊርማውን እጠይቃለሁ። ምባህ ካርሶን «ኖቬምበር ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ በሽተኛ የሚላቸውን ወረቀት አልቀበልም። እናቴን ከመንገድ ላይ «ፒኩን» የሚላትን አፍ አልቀበልም፤ የማንም ልጅ ይሁን።

ከሁሉም በላይ፣ ፊት ለፊቴ ያለውን እያየሁ ሌላ የሚጽፍ እጅ አልቀበልም፣ የራሴ እጅ ቢሆንም። ዛሬ ማለዳ «ምቦክ፣ ምን ቀን ነው?» አልኳት። ለረጅም ጊዜ አሰበች። «አላውቅም ንዱክ» አለች።

አላውቅም ብዬ ጻፍኩ።